ሲመች

ዶሃ በገባሁ በሦስተኛው ቀን የሰማኋት ቃል ዛሬም ትዝ ስትለኝ ታስቀኛለች። በሠራተኝነት የገባሁበት ቤት ትንሿ ልጅ፣ ያኔ አምስት ዓመቷ ነው፣ ቀሚሴን ጨምድዳ ይዛ ወደ ሳሎኑ ጥግ ጎተተችኝና በጣቷ እየጠቆመች "ሲመች! ሲመች!" አለችኝ። አማርኛ የሰማሁ መሰለኝ። ምኑ ሲመች? ማንን ሲመቸው? እኔን እንደሆነ በዚያች ሰዓት የተመቸኝ ነገር አልነበረም፤ ጫማው ጠቦኛል፣ የኤሲው ብርድ አጥንቴ ገብቷል፣ ከሚያወሩት አንድም ቃል አይገባኝም። ልጅቷ ግን እልኸኛ ናት። ጉንጮቿን በአየር ነፋችና አፏን ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ ታደርግልኝ ጀመር። ለካ ዓሳ ማለቷ ነው! ሌላው ዐረብ "ሰመክ" የሚለውን የባሕረ ሰላጤው ሰዎች መጨረሻውን "ች" አድርገው ነው የሚጠሩት።

የጠቆመችው ሣጥን ግን ባዶ ነበር። አንድ ክንድ ተኩል የሚሆን የመስታወት ሣጥን፣ ውስጡ የደረቀ ጠጠርና አንዲት የላስቲክ ግንብ። ታላቅ ወንድሟ ዓሳ አርብቶበት፣ አልቀውበት፣ እሱም ሰልችቶት የተወው ዕቃ ነው። እሷ የምትለኝ "እዚህ ውስጥ ዓሳ ይግባልኝ" ነው። ለማን አቤት እንደምትል አላወቀችም እንጂ፣ በዚያ ቤት ከእኔ ያነሰ ሥልጣን ያለው ሰው አልነበረም።

እስቲ ስለ ዓሳና ስለ እኔ ትንሽ ላውራችሁ። የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፤ ያደግሁት ሽምብጥ ነው። የጣና ዳር ልጅ ስለ ዓሳ ምን ያውቃል ቢባል፣ መብላት ያውቃል። ማለዳ በደንገል ታንኳ ከሚመጡት አጥማጆች እናቴ ተከራክራ ቀረሶ ትገዛለች፤ ጎንና ጎኑን በቢላ ሸንተር ሸንተር አድርጋ፣ ጨውና ሎሚ አሽታ፣ ከፈላ ዘይት ውስጥ ትለቀዋለች። ያ "ችስስ" የሚለው ድምፅ ከተሰማ የጎረቤት ልጅ ሁሉ በራችን ላይ ጨዋታ ይጀምራል። አምባዛ ከሆነ ጉላሽ ነው። በጾም ዓሳ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በየሁዳዴው ይነሣል፤ ዓሳው እየተበላ ነው ታዲያ የሚከራከሩት። ዓሳን ሣጥን ውስጥ አስገብቶ፣ መብራት አብርቶለት፣ ምሳውን ሰጥቶ ቁጭ ብሎ ማየት ግን በእኛ ሠፈር ቢወራ "ጠበል ውሰዱት" ነው የሚባለው።

ከዚያ ሠፈር የወጣሁት ሚሊኒየሙ በተከበረ ማግስት፣ በ2000 ዓ.ም. ነው። ልጄ ሦስት ዓመቷ ነበር። እናቴ አዝላት መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ። "እማዬ፣ መቼ ነው የምትመጪው?" አለችኝ ከጀርባ ብቅ ብላ። አፌ ላይ የመጣልኝ "ሲመች" ነው። "ሲመች እመጣለሁ የኔ ዓለም።" እንግዲህ ያቺ ሌላዋ ልጅ ይህንኑ ቃል እየጮኸች ስትቀበለኝ ምን ምን እንዳለኝ ገምቱት።

ሱቅ ዋቂፍን መጀመሪያ ያየሁት ዓሳ ልንገዛ የሄድን ዕለት ነው። ሐሙስ ምሽት ነበር፤ እዚያ ዓርብ የእኛን እሁድ ስለምትተካ ከተማው ሁሉ ሐሙስ ማታ ይወጣል። ስሙ "የቆመ ገበያ" እንደ ማለት ነው፤ ድሮ ነጋዴዎቹ ቆመው ይሸጡ ስለነበር ነው ይላሉ። መተላለፊያው ጠባብ ነው፣ ግድግዳው የጭቃ ቤት ይመስላል። ሄልና ቀረፋው፣ ዑዱ፣ የሽሻው ጭስ አንድ ላይ ያውዳል። ቀይ ሰደርያ ያደረጉ ሽማግሌዎች የሰው ዕቃ በእጅ ጋሪ እየገፉ "መንገድ! መንገድ!" ይላሉ። ትንሽ እንደገቡ የወፎቹ ሠፈር ይመጣል። በቀቀኑ ይጮኻል፣ ጥንቸሉ ተኝቷል፣ ሮዝና አረንጓዴ ቀለም የተነከሩ ጫጩቶች በካርቶን ውስጥ ይተራመሳሉ። እናቴ ብታያቸው "የምን ዶሮ ነው የፈለፈላቸው በስማም!" ባለች ነበር።

ዓሳ ሻጩ ከኬረላ የመጣ ሰው ነው። ከወለል እስከ ጣሪያ የተደረደሩት ሣጥኖች ሁሉ ይንቦጫቦጫሉ። ከዚያ ጥግ የሚወጣውን ሽታ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? የረጠበ ድንጋይ፣ የውሃ ሣር፣ ትንሽ ጭቃ። እዚያ የሲሚንቶና የሽቶ ከተማ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣና ሸተተኝ። ቆሜ ሳሸት ሰውየው አየኝና ፈገግ አለ።

ልጅቷ ሦስት መረጠች፤ ሦስቱም ጅራታቸው እንደ መጋረጃ የሚወዛወዝ፣ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ እንደ ነብር ዝንጉርጉር። "አራተኛውን አንቺ" አለችኝ። እኔ ደግሞ ጥግ ላይ የቆመችውን፣ ማንም የማያያትን፣ አመድማ ቀለም፣ ሆዷ ቦርጨጭ ያለ ዓሳ ጠቆምኩ። የቤቱ እመቤት ማዳም ሳቀች፤ "ይቺ ምን አላት?" ሻጩ እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ ወደፊት ነፋና የአገሩ ልጅ ለሆነው ለቤቱ ሾፌር በቋንቋቸው አንድ ነገር ነገረው። ሾፌሩ ሲተረጉምልን እንዲህ ነው ያለው፦ "ይቺ ነፍሰ ጡር ናት። ባል አትፈልግም፣ ይዛ ነው የምትሄደው።" ማዳም በአባያዋ ጫፍ አፏን ሸፈነች።

ነገሩ እውነት ነው። ጉፒ የምትባለው ዓሳ ወንዱ አጠር ቀጠን ያለ፣ ጌጡ ሁሉ እሱ ላይ የፈሰሰ ነው፤ ሴቷ ትልቅ ናት፣ ግን አመድማ። የወንዱን ዘር ሆዷ ውስጥ ለወራት ማቆየት ስለምትችል አንዴ ከተገናኙ በኋላ ያለ ባል ደጋግማ ትወልዳለች። ትልቁ ልጅ ከኮምፒውተሩ እያነበበ እንደነገረኝ፣ አገሯ የደቡብ አሜሪካ ሰሜን ጫፍና የትሪኒዳድ ደሴት ነው፤ ስሟም በ1866 እ.ኤ.አ. ከትሪኒዳድ ወደ ለንደኑ የብሪታንያ ሙዚየም ናሙና ከላከ ጉፒ ከሚባል ሰው የመጣ ነው። እዚያው ካሪቢያን ግን ከብዛታቸው የተነሣ "ሚሊዮን" ነው የሚሏቸው። ይህን ለእናቴ በስልክ ስነግራት "ሚሊዮን? የሰው ስም አይደል እንዴ!" ብላ ሳቀች።

አንድ ሌሊት ነው። ቤቱ ተኝቷል፤ የመጨረሻዎቹን ፍንጃሎች አጥቤ እጄን እየጠረግሁ በሣጥኑ በኩል አለፍኩ። መብራቱ አልጠፋም፤ ፓምፑ ብልቅ ብልቅ ይላል። አመድማዋ ከሣሩ ሥር ቆማ ትንቀጠቀጣለች። ታመመች ብዬ ጎንበስ ስል፣ ከሥሯ እንደ ጥቁር አዝሙድ ፍሬ የተጠቀለለ ነገር ጠብ አለ። ጠጠሩ ላይ ሳይደርስ ተዘረጋ፤ ሁለት ዓይንና አንዲት ክር ሆነና ዋኘ። ቀጥሎ ሌላ። እኔ የማውቀው ዓሳ እንቁላል እንደሚጥል ነው፤ ዓሳ ይወልዳል ብሎ የነገረኝ የለም። ሽምብጥ ቢሆን ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ተብሎ እልልታ ይቆጠር ነበር። ለሃያ ሁለት ስንት ይባላል? እጄን አፌ ላይ ጭኜ በሹክሹክታ እልል አልኩ።

ከዚያ ዞር አለችና አንዱን ዋጠችው።

እንዴት እንደደነገጥኩ አትጠይቁኝ። ሌሎቹን በሻይ ማንኪያ እየለቀምኩ በብርጭቆ አስቀመጥኳቸው። ጠዋት ልጅቷ ጮኸች፣ አለቀሰች፤ ትልቁ ልጅ ግን ድሮ የገዛትን ትንሽ የላስቲክ ሣጥን ከመሳቢያ አወጣ። የማዋለጃ ሣጥን ናት፤ ውሃው ላይ ትንሳፈፋለች፣ እናቲቱ ውስጧ ትገባለች፣ የተወለዱት በቀጭኗ ቀዳዳ ወደ ታች ወርደው ያመልጣሉ። "ካልተለያዩ ይሞታሉ" አለኝ በእጁ እያሳየ። እናትና ልጅ የሚለያዩት ልጁ እንዲተርፍ ነው። ወጥ ቤት ገብቼ ሽንኩርት ከተፍኩ። የዚያን ቀን ሽንኩርት የሚገባበት ምግብ አልነበረም።

በሳምንቱ የኪውቴልን ሃላ ካርድ በሳንቲም ፍቄ ለእናቴ ደወልኩ። ዓሳዬ ልጇን መብላቷን ስነግራት ዝም ብላ ቆየች፤ ካርዱ ግን ዝም ሲሉትም ይበላል። "ያንቺዋ አልታደለችም" አለችኝ በመጨረሻ። "የእኛ ቀረሶ እኮ እንቁላሏን አፏ ውስጥ ነው የምታቅፈው። ተፈልፍለውም ኮሽ ካለ ተመልሰው አፏ ይገባሉ። አጥማጆቹ አፏን ሲከፍቱ ልጆች የሚፈሱበት ጊዜ አለ። በአፍም ይታደጋል ልጄ።" እንዲህ አለችና ስልኩን ለልጄ ሰጠቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደ ቀረሶ ሆንኩ። ጥርስሽን ታጠቢ ያልኩት በአፌ፣ ምድጃ ዳር አትሂጂ ያልኩት በአፌ፣ ሀ ሁን ያስቆጠርኩት፣ የጦጣና የጅቡን ተረት የነገርኩት በአፌ። ጅቡ ገና ጉድጓዱ ጋ ሳይደርስ አንዲት ሴትዮ በዐረብኛ ገብታ ሒሳብዎ አልቋል ትለናለች። ልጄ "ያቺ ሴትዮ ጅቡን በላችው" ትል ነበር።

የመጀመሪያው ሐምሌ ደረሰ። እናቴ በስልክ ዝናቡን ስታማርር እኔ የቀዝቃዛውን ቧንቧ ከፍቼ ሻይ የሚፈላበት ውሃ እቀዳለሁ። የውሃው ታንከር ጣሪያ ላይ ነው፤ ፀሐይዋ ቀኑን ሙሉ ትቀቅለዋለች። ኋላ ነው የተማርኩት፤ በዚያ ወራት ብልህ ሰው የውሃ ማሞቂያውን ያጠፋና በቤት ውስጥ ጥላ የቀዘቀዘውን የማሞቂያውን ውሃ በቀዩ ቧንቧ ይታጠብበታል። እኔ ግን አላወቅሁም። ሣጥኑን ልጠብ ብዬ ከቧንቧው በቀጥታ ሞላሁት። ሲነጋ አሥራ አንድ ዓሳ ሆዱን ገልብጦ ተንሳፎ ነበር።

ሾፌሩ መጥቶ አየ፤ ባልዲ ይዞ መጣ፤ አልተቆጣም። ውሃውን ማታ ቀድተሽ አሳድሪው፣ ሙቀቱም ክሎሪኑም ሌሊቱን ይወጣለታል፣ ስትቀይሪም ሩቡን ብቻ፣ ምግብ ደግሞ በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ አንዲት ቁንጥር ብሎ በእጁም በዐረብኛውም አስረዳኝ። በሚቀጥለው ሐሙስ ልጆቹ አይስክሬም ሲገዙ እሱ ብቻውን ጠፋ፤ ማታ ኪሱ ውስጥ ሸጉጦ ያመጣትን ፌስታል ሰጠኝ። ውስጧ በገዛ ገንዘቡ የገዛቸው አራት ዓሳዎች። ማዳም ሳትቆጥር ጨመርናቸው። የእሱ ደመወዝ ስንት እንደሆነ አውቅ ነበርና እንባዬ መጣ።

ደግሞ ሌላ የሚያስቅ ነገር። ያ ከተማ ከውጭ እቶን ነው አይደል? ሳሎኑ ግን በኤሲ ደብረ ብርሃን ሆኗል። ጉፒ የሚስማማት ከ22 እስከ 28 ዲግሪ ስለሆነ ለዓሳዎቹ የውሃ ማሞቂያ ገዛን። በዶሃ በሐምሌ፣ ማሞቂያ! እኔም በብርድ ስንቀጠቀጥ ብዙ ጊዜ መዳፌን መስታወቱ ላይ አድርጌ እሞቅ ነበር።

የቤቱ ትልቋ እመቤት፣ የቤቱ ጌታ የባባ እናት፣ ባቱላ የሚባለውን የፊት መሸፈኛ ሳያወልቁ ሣጥኑ አጠገብ ተቀምጠው ቡናቸውን በተምር ይጠጡ ነበር። የእነሱ ቡና ቀጭን ነው፣ ወርቅማ፣ ሄል ሄል የሚል። አንድ ቀን "ውሃው ጨው ነው ጣፋጭ?" ብለው ጠየቁኝ። እነሱ የሚጠጣ ውሃን ጣፋጭ ነው የሚሉት። ጣፋጭ ነው ስላቸው "አስተግፊሩላህ! ጣፋጭ ውሃ ለዓሳ!" ብለው እጃቸውን ጭናቸው ላይ መቱ። እሳቸው ሕፃን ሳሉ የሚጠጣ ውሃ ከሩቅ ጉድጓድ ነበር የሚመጣው፤ አሁን ባሕሩን አጣርተው ነው አገሩ ሁሉ የሚጠጣው። አባታቸው ሉል ጠላቂ ነበሩ። ጃፓኖች ሉል ማርባት ጀምረው በ1930ዎቹ ገበያውን እስኪገድሉት ድረስ ወንዱ ሁሉ በጋውን፣ አራት ወር ያህል፣ ባሕር ላይ ነበር። ሴቶቹ ታዲያ ባሕሩ ዳር ወጥተው "በቃህ፣ መልስልን" እያሉ ባሕሩን ይቆጡት ነበር አሉኝ። ከዚያ ዝም አሉና "አንቺስ ስንት ልጅ አለሽ?" አሉ። "አንዲት" አልኩ። የተምሩን ሳህን ገፋ አድርገው ወደ እኔ አስጠጉት። ሌላ ምንም አላሉም።

የጉፒ ነገር እንደምታውቁት ነው፤ በየአራት ሳምንቱ ግድም ሃያ ሠላሳ ትደረድራለች። የተቀቀለ እንቁላል አስኳል በነጠላዬ ጫፍ አጥልዬ፣ በጥርስ መጎርጎሪያ ጫፍ እየነከርኩ አሳደግኋቸውና ሣጥኑ ሞላ። የማይሰጥ ሰው ጉፒ ማርባት አይችልም። ለማን ልስጥ?

ጣሪያ ላይ ልብስ ሳሰጣ ከግንቡ ወዲያ አንዲት ልጅ በአማርኛ ስታንጎራጉር እሰማ ነበር፤ የወሎ ልጅ መሆኗን በዜማዋ አወቅሁ። ግንቡ ከሁለታችንም ይረዝማል። የኔስካፌ ጠርሙስ ውስጥ አምስት ዓሳ አድርጌ፣ አንገቱን በገመድ አስሬ፣ በግንቡ ላይ አወረድኩላት። ከወዲያ ጩኸት፣ ከዚያ ሳቅ። በሦስተኛው ቀን ገመዱ ተወዘወዘ፤ ጠርሙሱ ተመልሶ መጣ፣ እናቷ በሰው የላኩላት በርበሬ ሞልቶበት። ዕቃ ባዶውን አይመለስማ! እዚያም ድረስ ይዘነው መጥተናል። ከዚያ ጠርሙሱ ሥራ ያዘ። ዓሳ ይዞ ይሄዳል፣ ሽሮ ይዞ ይመጣል፤ ዓሳ ይዞ ይሄዳል፣ ቆሎ ይዞ ይመጣል። የወሎዋ ልጅ ከዓሳዎቹ ልጆች ለፊሊፒናዊቷ ጎረቤቷ ሰጠች፤ ፊሊፒናዊቷም ወጉን ለምዳ ጠርሙሱን ሞልታ መለሰች። ምን ሞልታ? ደረቅ ዓሳ! ሱዳናዊው ዘበኛ ደግሞ ከርከዴ ላከልን። በአንድ ዓመት ውስጥ በዚያ መንገድ ላይ የአመድማዋ ልጅ ያልገባበት የሠራተኛ ክፍል አልነበረም። ፊታቸውን የማላውቃቸውን ሰዎች በዓሳቸው አውቃቸው ነበር።

ረመዳን ሲጋመስ ልጆቹ በየቤቱ እየዘፈኑ ለውዝና ከረሜላ የሚሰበስቡበት ማታ አለ፤ ገረንገዖ ይሉታል። ሆያ ሆዬ ነው ቁርጥ! ትንሿ ልጅ የደረሳትን ከረጢት ለሦስት ከፈለች፤ ለእሷ፣ ለእኔ፣ ለሲመች። የሲመችን ድርሻ ሣጥኑ ውስጥ ዘረገፈችውና ውሃውን ሦስት ቀን ስናጥበው ሰነበትን።

ለልጄም አንድ ብልሃት ዘየድኩ። ኮንትራቴ ሁለት ዓመት ነው፤ ዓሳዋ ደግሞ ደመወዜ በሚገባበት ሰሞን ነው የምትወልደው። "ሲመች ሃያ አራት ጊዜ ስትወልድ እመጣለሁ" አልኳት። እናቴ ከበሩ ኋላ ግድግዳው ላይ በከሰል ታሰምርላት ጀመር። ከዚያ በኋላ ስደውል መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ "ሲመች ወለደች?" ሆነ፤ ሰላምታው ከዚያ በኋላ ነው። አሥራ ሰባተኛው መስመር ላይ አመድማዋ ሞተች። ጉፒ ዕድሜዋ አጭር ነው፤ ሁለት ዓመት ከደረሰች ጥሩ ኖረች ይባላል። ለልጄ አልነገርኳትም። ከሴት ልጆቿ አንዷን በቦታዋ ሾምኩና ቆጠራውን ቀጠልን።

አገር ቤት የገባሁ ቀን ልጄ እናቴ ነጠላ ውስጥ ተደብቃ አልወጣም አለች። የገዛሁላት አሻንጉሊት አላወጣትም፤ ቸኮላቱም አላወጣትም። ጎረቤቱ ሁሉ "ሳሚያት እንጂ፣ እናትሽ ናት" ይላታል፤ እሷ ጨርቁን አጥብቃ ትይዛለች። እኔም ቆሜ ቀረሁ። ኋላ ከነጠላው ውስጥ ቀጭን ድምፅ መጣ፦ "ሲመች የታለች?" ዓሳ በአውሮፕላን አይመጣ ነገር! ተንበረከክሁና ጉንጮቼን በአየር ነፋሁ፤ አፌን ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ አደረግሁ፤ ልክ ያቺ የዶሃዋ ልጅ እንዳስተማረችኝ። ነጠላው ተንቀጠቀጠ። ስትስቅ ነው። ከዚያ ወጣች።

ሁለት ወር ሳይሞላኝ ተመለስኩ። ደግሞ ሃያ አራት። ደግሞ ሃያ አራት።

አሁን የምኖረው ነጅማ ነው፤ ከሦስት አገሬ ልጆች ጋር ቤት ተከራይተን። የምሠራውም ሕፃናት ማቆያ ነው። ዓሳዎቼ መቶ ሃያ ሊትር ውሃ የሚይዝ ሣጥን አላቸው፤ መብራቱ በራሱ ይበራል፣ በራሱ ይጠፋል፤ ፊልተሩ ድምፅ የለውም። ውሃ አላሳድርም፤ ከመድኃኒት ጠርሙስ ጥቂት ጠብታ ሲገባበት ክሎሪኑ እዚያው ይጠፋል። ሱቅ ዋቂፍም በ2019 እ.ኤ.አ. በተከፈተው ሜትሮ ከመሬት በታች ነው የምሄደው። ሁሉ ነገር ቀሎልኛል። ግን አንዳንድ ሌሊት ያ ብልቅ ብልቅ የሚል ፓምፕ ይናፍቀኛል፤ ይህ ዝምተኛ ፊልተር እንቅልፍ ከለከለኝ ብል ማን ያምነኛል?

ኪውቴልም ስሙን ወደ ኡሪዱ ከቀየረ ቆየ። ልጄ ሃያ ዓመት አልፏታል፤ ዩኒቨርሲቲ ናት። በኢሞ ፊቷን እያየሁ የፈለግሁትን ያህል ማውራት እችላለሁ፤ ጅቡን የምትበላው ሴትዮ የለችም። ታዲያ ምን እንላለን? "ደህና ነሽ?" "ደህና።" "በላሽ?" "በላሁ።" በካርዱ ዘመን በአምስት ደቂቃ ውስጥ አንድ ልጅ አሳድግ ነበር፤ አሁን ጊዜው ሲተርፈን ወሬው አነሰን። ብቻ ስልኩን ወደ ሣጥኑ ሳዞር ድምፅዋ ይለወጣል። "እማ፣ ያቺ ጥግ ላይ ያለችው ልትወልድ ነው" ትለኛለች፤ ከባሕር ዳር ሆና ከእኔ ቀድማ ታያለች።

የወሎዋ ልጅ አገሯ ገብታለች። ፊሊፒናዊቷም ሄደች፤ ሾፌሩ ኬረላ የልጅ ልጆቹን ይዞ ተቀምጧል፤ ትልቋ እመቤት ዐረፉ። ትንሿ ልጅ ለዒድ መጥታ ስትጠይቀኝ መኪና እየነዳች ነው፤ በሩን ስከፍት ግን ጉንጯን ነፍታ ነው የምትገባው። እዚህ አገር ሁላችንም ስንመጣ መሄጃችንን ይዘን ነው የምንመጣው። እዚህ ተወልዶ፣ እዚህ ወልዶ፣ እዚሁ የቀረ ከመካከላችን የአመድማዋ ዘር ብቻ ነው፤ ከነጅማ እስከ ሬያን በስንት ጠርሙስ ውስጥ እንዳለ እግዜር ይወቀው።

ባለፈው ሳምንት ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ አንዲት አዲስ ልጅ ገባች። ዶሃ ከመጣች ወር አልሞላትም፤ ደረጃ ላይ ስንገናኝ ዓይኗ ያበጠ ነው። "ነይ እስቲ እህቴ፣ ቡና ጠጪ" ብዬ አስገባኋት። ቡናው እስኪፈላ ሣጥኑ ፊት ቁጭ አለች፤ ሦስተኛው እስኪደርስም ከዚያ አልተነሣችም። ስትወጣ የኔስካፌ ጠርሙስ አጠብኩና አንዲት አመድማ፣ ሆዷ ቦርጨጭ ያለች መርጬ ሰጠኋት። ውሃውን እንድታሳድር ነገርኳት፤ እሷ ጋ ጠብታው የለማ።

"ባሏስ?" አለችኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ስትል ነው።

"አያስፈልጋትም፤ ይዛ ነው የምትሄደው።"

"መቼ ነው ታዲያ የምትወልደው?"

አፌ ላይ የመጣልኝን ቃል ልናገር ስል ራሴው ሳቄ ቀደመኝ። እሷ ምን እንዳሳቀኝ አልገባትም፤ ጠርሙሱን ደረቷ ላይ አስጠግታ ደረጃውን ቀስ ብላ ወጣች።

ጠርሙሱ ገና አልተመለሰም። አልቸኩልም፤ ባዶውን እንደማይመጣ አውቃለሁ።